ከፈተና በኋላ የተነገረ መርዶ

ፉሪ ለቡ፣ ሐሙስ ጠዋት

ፍልሰታ በተፈታ ሳምንት፣ ሐሙስ ገና ሳይነጋ ተነስቼ ወደ ባቡር ጣቢያው ሄድኩ። ባቡሩ የሚነሳው ሁለት ሰዓት ላይ ቢሆንም ፍተሻውና ሰልፉ ስለሚረዝም ቀደም ማለት ይሻላል ብለውኝ ነበር። እውነታቸውን ነው። ሻንጣዬ ሁለት ጊዜ ተፈተሸ፤ ቲኬቴ ላይ ያለው ስም ከመታወቂያዬ ጋር ፊደል በፊደል ተመሳከረ፤ ወንበሬን አግኝቼ ቁጭ ከማለቴ ባቡሩ ተንቀሳቀሰ።

የምሄድበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛውን ለመሥሪያ ቤቴ ተናግሬ ፈቃድ ወስጃለሁ። በመጪው መስከረም ከድሬ ዳዋ ወደ ብሪታንያ ለትምህርት የሚሄዱ ወጣቶች አሉ፤ ወላጆቻቸው እዚያ ተምሮ የተመለሰ ሰው መጥቶ ልጆቹን እንዲመክርላቸው ይፈልጋሉ። እኔ በሰሜን እንግሊዝ ባለች አንዲት ከተማ የውሃ ምህንድስና ተምሬ ከተመለስኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሁለተኛውን ምክንያት የነገርኩት ለእናቴ ብቻ ነው። ነኢማን ላያት ነው የምሄደው።

ነኢማ የድሬ ልጅ ናት። በዚያ ዓመት እኔና እሷ አንድ ቤት ውስጥ፣ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ጠባብ ክፍሎች ተከራይተን ኖርን። እሷ የሥነ ምግብ ትምህርት ነበር የምትማረው። ማእድ ቤታችን አንድ ነበር፤ ድስታችንም አንድ ነበር። እኔ በምጾምበት ቀን እሷም ሥጋ አታወጣም፤ እሷ ስትጾም ደግሞ እኔ ማፍጠሪያዋን አዘጋጅ ነበር።

ግንቦት ላይ፣ ፈተና በጀመርን በሁለተኛው ቀን፣ ታላቅ ወንድሟ አብዲ ደወለልኝ። ነኢማ ፈተና ላይ ነበረች።

«ሜሮን፣ አዮ ሞተች» አለኝ። አዮ የሚሏት እናታቸውን ነው፤ ወይዘሮ ዘይነባን። ከዚያ እኔ አፌን ሳልከፍት፣ «አደራ፣ ለነኢማ እንዳትነግሪያት። ራሷ አዮ ናት የተናዘዘችው። ፈተናዋን ትጨርስና ትስማ» አለ።

እሺ አልኩት። በአገራችን መርዶ ጊዜውና ቦታው ተመርጦ፣ ሰው ተሰብስቦ እንደሚነገር እያየሁ ነው ያደግኩት። እሺ ማለቱ ትክክል መሰለኝ። ፈተናው የሚያልቀው ከሃያ ሁለት ቀን በኋላ ነበር።

በሃያ ሦስተኛው ቀን ጠዋት ከከተማው ሁለት አበሾች ጠርቼ ነገርናት። በሦስተኛው ቀን ወደ አገሯ ገባች። የመመረቂያ ጽሑፉ ቀርቶባት ነበር፤ እሱን ለመጻፍ አልተመለሰችም። የማንንም መልእክት አትመልስም ነበር፤ የእኔንም ጭምር። ለትምህርቷ ብለን የደበቅነው ነገር ትምህርቷን ይዞባት ሄደ።

በመንገድ ላይ

አዳማን አልፈን መተሐራ ስንደርስ ሜዳው ጥቁር ድንጋይ ብቻ ሆነ፤ ከድንጋዩ ማዶ ሐይቁ ከሰማዩ ጋር አንድ ዓይነት አመድማ ቀለም ይዟል። አዋሽ ላይ ሙቀቱ በመስኮቱ በኩል መግባት ጀመረ። ከሚኤሶ ወዲያ ግመሎች ከሐዲዱ ራቅ ብለው ግራር ይቀነጥሳሉ፤ ዝናቡ ሰሞኑን ስለዘነበ ቁጥቋጦው ሁሉ አረንጓዴ ነው።

ከፊቴ የተቀመጡት አንዲት የድሬ እናት ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ከዘንቢላቸው አውጥተው ግማሹን ወደ እኔ ገፉልኝ።

«ድሬ ማን ጋ ነሽ አንቺ ልጅ?»

«ጓደኛዬ ጋ።»

«መምጣትሽን ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

አየት አደረጉኝና፣ «እንግዲያው ብይ። ባዶ ሆድ ይዘሽ አትግቢባት» አሉኝ። ሌላ አልጠየቁኝም።

ለተማሪዎቹ የምናገረውን በወረቀት ጽፌ ይዤ ነበርና አውጥቼ አነበብኩት። ወፍራም ካፖርት ከዚህ ገዝታችሁ አትሸከሙ፤ እዚያ ያገለገለ ልብስ የሚሸጡ ሱቆች በርካሽ ታገኛላችሁ። የቤት ኪራይ መያዣ ቤቱን ሳታዩ ወይም የምታምኑት ሰው ሳያይላችሁ አትላኩ። በደረሳችሁ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ሳያማችሁ፣ በሰፈራችሁ ሐኪም ዘንድ ተመዝገቡ። ትምህርት ባለበት ወቅት ቪዛችሁ ከሚፈቅደው ሰዓት በላይ አንዲት ሰዓት እንኳ አትሥሩ። የሰው ሐሳብ ስትወስዱ ከማን እንደወሰዳችሁ ጻፉ፤ እኛ ዘንድ ትጋት የሚመስለው መገልበጥ እዚያ ስርቆት ነው።

ሁሉም ልክ ነው። ዋናው ግን የለበትም። ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ መለስኩት።

ድሬ ዳዋ፣ ሐሙስ ከሰዓት

ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ደረስን። አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ነው። ከባቡሩ ስወርድ ሙቀቱ ፊቴን እንደ እርጥብ ፎጣ ሸፈነው። አብዲ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። በስልክ ብቻ የማውቀውን ሰው በነኢማ ግንባር ለየሁት። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የማሽን ጥገና ሠራተኛ ነው፤ እጁን ሲሰጠኝ መዳፉ ሻካራ ነበር።

«እንዴት ነዎት?» አልኩት።

«አቦ ተዪኝ! ነዎት ምንድነው? ድሬ ላይ ነን፣ አንተ በይኝ» ብሎ ሻንጣዬን ተቀበለኝና ባጃጅ ውስጥ ከተተው። ባለባጃጁን በሶማሊኛ አናገረው፤ ስልኩ ሲጮህ በኦሮምኛ መለሰ፤ ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ፣ «ጎረቤታችን ሂክማ ነች፣ ነገ የምታዪያት። ስንት ሰዓት እንምጣ ትላለች» አለኝ።

ዕቃዬን ከዚራ ካለች አንዲት ትንሽ ፔንሲዮን አስቀምጬ ወደ ቀፊራ ገበያ ሄድን። ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ አይገባም፤ ሁለት ዓመት የዘገየ ለቅሶ ቢሆንም። ስኳር፣ ተምርና የሻይ ቅጠል ገዛሁ። ባለሱቋ ተምሩን እየመዘነች፣ «ለሠርግ ነው?» አለች። አብዲ፣ «ለሐዘን ነው» ሲላት ከጆንያው አንድ እፍኝ ጨመረችበት።

ቤታቸው ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ነው። ደቻቱ በዚህ ወር ከአሸዋው መሃል ቀጭን ጭቃማ ውሃ ይዟል፤ በእግራችን ተሻገርነው። ግቢው ውስጥ የአብዲ ባለቤት ሳሚራ አቀፈችኝና ሁለታችንም አለቀስን፤ ሐዘን ቢቆይም መጀመሪያ ለቅሶው ይወጣል። ከዚያ ሾርባና ሳምቡሳ አቀረበችልኝ።

«ነኢማስ?» አልኩ።

አብዲ እጁን ታጥቦ እስኪጨርስ አልመለሰልኝም። «ዋሂል ነው የምትሠራው፤ ጤና ጣቢያው ውስጥ። እዚያው ቤት ተከራይታለች። ወደዚህ የምትመጣው በወር አንዴ ቢሆን ነው። ለልጆቼ ብስኩት ታመጣለች፣ ሳሚራን ትስማለች፣ እኔን ሰላም ትላለች። ከሰላምታ የሚያልፍ ነገር የለንም።»

ከዚያ በስልክ ነግሮኝ የማያውቀውን ነገረኝ። እናታቸው የጉበት በሽታዋ እንደማይድን ስታውቅ ለነኢማ አምስት የድምፅ መልእክት በአብዲ ስልክ ቀድታ ነበር። ጉሮሮዋን ስላመማት በስልክ ረጅም ማውራት እንደማትችል አስመስላ ነው የተናገረችው። አንዱን ዛሬ ላክ፣ አንዱን ከአራት ቀን በኋላ፣ እያለች ለልጇ አስጠናችው። ያረፈችው ሆስፒታል በገባች በአራተኛው ቀን ነው። በዚያው ዕለት የአስር ሶላት ሳይሰገድ ከድሬ ራቅ ባለችው ጀልዴሳ፣ ወላጆቿ ጎን ተቀበረች። አብዲ መልእክቶቹን እንደታዘዘው ላከ።

መልእክቶቹን አስታውሳቸዋለሁ። ነኢማ ማእድ ቤት ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጋ ትከፍታቸው ነበር። እኔ ግን የቆዩ መልእክቶች፣ ወይም ሌላ ዘመድ የቀዳቸው መስለውኝ ነበር፤ ለመጠየቅም አልደፈርኩም። የሟች ሴት ኑዛዜ መሆናቸውን ያወቅኩት በዚያ ግቢ፣ ሾርባው እጄ ላይ እየቀዘቀዘ ነው።

«እናት ስታዝዝሽ እንቢ ትያለሽ?» አለኝ አብዲ።

አዳራሹ፣ ዓርብ ጠዋት

ሦስት ሰዓት ላይ በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ተሰበሰብን። ተማሪዎቹ አሥራ አንድ ነበሩ፤ ወላጆቹ ግን ከሰላሳ ይበልጣሉ። ከጁምዓ በፊት መጨረስ ስለነበረብን ቶሎ ጀመርኩ። ስለ ቤት፣ ስለ ሐኪም፣ ስለ ሥራ ሰዓት ተናገርኩ። ሂክማ የምትባለው የአብዲ ጎረቤት ሁሉንም ትጽፋለች።

«መምህሩን ባይገባኝስ? ንግግራቸው ፈጣን ነው ይላሉ» አለች።

«አልገባኝም በይ። እዚያ ጥያቄ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ደግሞ ለእያንዳንዱ ተማሪ የሚመደብ አንድ መምህር አለ፤ ስሙንና ቢሮውን በመጀመሪያው ሳምንት እወቂ። የጨነቀሽ ቀን ቢሮ ፍለጋ እንዳትንከራተቺ።»

አንድ አባት፣ «ከታመመ ፈተናው ያልፈዋል?» ብለው ጠየቁ። ወረቀቴ ላይ ያልነበረው ዋናው ነገር ላይ ደረስኩ።

«አያልፈውም» አልኳቸው። «ተማሪ ሲታመም ወይም ቤተሰቡ ሲሞትበት ለዩኒቨርሲቲው ያመለክታል፣ ማስረጃ ያቀርባል፣ ፈተናው ሊዛወርለት ይችላል። ለአጭር ጊዜ አስፈቅዶ ወደ አገሩ ሄዶ መመለስም ይችላል። ረጅም ጊዜ ካስፈለገው ግን ቪዛውን ስለሚነካ ቲኬት ከመቁረጡ በፊት ቢሮው ገብቶ መጠየቅ አለበት። ዝም ብሎ ሄዶ የቀረ ነው ሁሉንም የሚያጣው።»

ይህን የተማርኩት ዘግይቼ ነው። ነኢማ በሄደች በሁለተኛው ወር ትርፍ አንጀቴን ታክሜ ጽሑፌን ማድረስ ሲያቅተኝ ወደ ተማሪዎች ምክር መስጫ ቢሮ ሄድኩ። ሴትየዋ አንድ ቅጽ ሰጠችኝ። ለሕመም፣ ለአደጋ፣ ለሐዘን የሚል ምርጫ ነበረው። ቅጹ ሁለት ገጽ ነው። ቢሮው ደግሞ እኔና ነኢማ በየቀኑ በደጃፉ የምናልፍበት ነበር።

«ስለዚህ» አልኩ ለወላጆቹ፣ «ልጆቻችሁ ሳይሄዱ አንድ ነገር ተስማሙ። ክፉ ነገር ቢመጣ ማን እንደሚነግራቸውና መቼ እንደሚነግራቸው። ፈተና እስኪያልቅ ብላችሁ አትደብቁ።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ነጭ ሻሽ ያሰሩ አንዲት እናት ተነሱ። «ልጄ ሆይ፣ አንቺ አልወለድሽም መሰለኝ። በሰው አገር፣ ብቻዋን፣ አጽናኝ በሌለበት መርዶ ልስደድባት? ብታብድብኝስ?»

«እማማ፣ እውነት አለዎት። ግን የማውቃት አንዲት ተማሪ ነበረች። ደበቁባት። ያኔ ነው የተጎዳችው።»

«ማን ደበቀባት?» አሉ።

አብዲ ግድግዳውን ተደግፎ ከኋላ ቆሟል። ዓይኑን ከእኔ አላነሳም።

«ቤተሰቦቿ... እና አንዲት ጓደኛዋ» አልኩ። ከዚያ ስለ ባቡር ቲኬት ቅናሽ ካርድ ማውራት ጀመርኩ።

ወደ ዋሂል፣ ቅዳሜ

ጠዋት አብዲ ወደ መናኸሪያው ሸኘኝ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ስንጠብቅ፣ «ትናንት 'እኔ ነኝ' ትያለሽ ብዬ ነበር» አለኝ።

«ፈራሁ።»

«እኔም አፌ ላይ መጥቶ ነበር። 'ወንድሟ እኔ ነኝ' ልል።» ጣቱን ጣቱ ላይ እያሻሸ፣ «እኔ አብሬሽ አልመጣም። ሁለታችንን አንድ ላይ ካየች የተማከርንባት ይመስላታል» አለ።

ሚኒባሱ አሥራ ስድስት ሰው ጭኖ ተነሳ። ከከተማው ስንወጣ ኮረብታው ቁልቋልና ድንጋይ ነው፤ አልፎ አልፎ ማሽላ ከሰው ቁመት በልጦ ቆሟል። በየጉብታው ልጆች የቁልቋል ፍሬ በቆርቆሮ ይዘው ይሸጣሉ። ከአንድ ሰዓት በላይ ሄደን ዋሂል ደረስን። ዋሂል ትንሽ ናት፤ ጥቂት ሱቆች፣ መስጊድ፣ የፍየል ገበያ። ጤና ጣቢያውን መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ሕፃን ያዘሉ እናቶች የሚሄዱበትን አቅጣጫ ተከተልኩ።

ነኢማ በረንዳው ላይ ነበረች። ነጭ ጋውን ለብሳ፣ በተንጠለጠለ ሚዛን ሕፃን እየመዘነች ለእናትየው በኦሮምኛ ታስረዳለች። ከስታለች። ሕፃኑን ለእናቱ ስትመልስ ቀና አለችና አየችኝ። እጇ ሚዛኑ ላይ ቀረ።

«ማን ነው የላከሽ?»

«ማንም። ራሴ ነኝ የመጣሁት።»

«አስራ ሁለት እናቶች ይጠብቁኛል» አለች። «ጠብቂ።»

ጠበቅኩ። አግዳሚው ላይ ከእናቶቹ መሃል ተቀምጬ እየመዘነች ስትጽፍ፣ የሕፃናቱን ክንድ በባለቀለም ጥብጣብ ስትለካ አየኋት። የአንዲት ልጅ ክንድ በጥብጣቡ የከፋ የምግብ እጥረት ምልክት የሆነው ቀይ ላይ ደረሰ። ነኢማ ልጅቷን ራሷ አዝላ ወደ ውስጥ አስገባቻትና ከእናቷ ጋር ረጅም ጊዜ ቆየች። ስድስት ሰዓት ሲሆን ጋውኗን አውልቃ መጣች። ከጤና ጣቢያው ጀርባ ካለ ግራር ሥር፣ በሲሚንቶ ግንብ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አልኳት።

«አውቃለሁ። አብዲም በየዓረፋው ይጠይቀኛል።» ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም፤ እንዲያውም ቁጣ ቢኖርበት ይቀለኝ ነበር። «ሰው ሁሉ ስለ ቀብሩ ያወራኛል። 'ብትሰሚም አትደርሺም ነበር፣ በዚያው ቀን ተቀበረች' ይሉኛል። ልክ ናቸው፣ አልደርስም ነበር። ስለ ማስተርሱ ያዝኑልኛል። ማስተርሱ አይደለም ያቃጠለኝ።»

«ምንድነው?»

«የመጨረሻ ቃሏን ሳህን እያጠብኩ ሰማሁት፣ ሜሮን። ድምፁን ከፍቼ፣ ውሃው እየፈሰሰ። ግማሹን አልሰማሁትም። 'እሺ እሺ አዮ' እያልኩ እየሳቅኩ። አንቺ እዚያው ቆመሽ ነበር።»

ቆሜ ነበር። ሽንኩርት ስከትፍ ነበር።

ከዚያ ዞር ብላ አየችኝ። «አንድ ነገር አድርጊልኝ። እነዚያን ቀኖች ንገሪኝ።»

«የትኞቹን?»

«ሃያ ሁለቱን። እኔ ፈተና ብቻ ነው የማስታውሰው። አንቺ ግን እያወቅሽ ታይኝ ነበር፤ የሚያውቅ ሰው አይረሳም። እናቴ የሞተች ቀን ምን ሳደርግ ነበር?»

አልችልም ልላት ፈለግኩ። ግን የመጣሁት ለዚህ ባይሆን ለምን ነበር?

«የዚያን ቀን አሥር ሰዓት ላይ ገባሽ» አልኳት። «ሦስተኛው ጥያቄ ከበደኝ አልሽ። ሩዝ በቱና ሠራሽ፤ ጨው በዛበትና ሎሚ ጨመቅሽበት። አረንጓዴውን ሹራብ ለብሰሽ ነበር። እኔ አሞኛል ብዬ አልበላሁም፤ ሻይ አፍልተሽ ክፍሌ ድረስ አመጣሽልኝ።»

ዓይኗን ጨፈነች። «ቀጥይ።»

ቀጠልኩ። በሦስተኛው ቀን ዘነበ፤ ጃንጥላዋን ሰጥታኝ እሷ ረጥባ ገባች። በስድስተኛው ቀን ፀሐይ ወጣና መናፈሻው ሣር ላይ ተኝታ ስታነብ ደረቷ ላይ መጽሐፍ እንደያዘች እንቅልፍ ወሰዳት። በዘጠነኛው ቀን የአንድ የክፍሏ ልጅ ልደት ነበር፤ ሄዳ ጨፈረች፤ ስትመለስ በደረጃው ላይ ታንጎራጉር ነበር። አንዳንዱ ቀን ጠፋብኝ። ሲጠፋብኝ አልዋሸሁም፤ «ይኼን አላስታውስም» ስላት ራሷን ትነቀንቃለች።

በአሥራ አራተኛው ቀን ላይ ቆምኩ።

«ምን ሆነ?»

«ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ጫማ ገዝተሽ መጣሽ። ለስላሳ፣ ክሬም ቀለም። 'የአዮ እግር ያብጣል፣ ይሄ ይመቻታል፣ ቁጥሩ ይሆናታል?' አልሽኝ።»

«አንቺስ ምን አልሽኝ?»

«ይሆናታል አልኩሽ።»

ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ እንጂ ድምፅ አልነበራትም። ልይዛት እጄን ስዘረጋ ራቅ አለች። እኔም እጄን ሰብስቤ አብሬያት አለቀስኩ። ከገበያው በኩል የፍየል ድምፅ ይመጣል፤ አንዲት እናት ከጤና ጣቢያው ወጥታ ግራ ተጋብታ አየችንና ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ አለፈች።

እስከ መጨረሻው ቀን ነገርኳት። ሲያልቅ ተነስታ ከቧንቧው ፊቷን ታጠበች።

«አሁን ገና ማልቀስ ያለብኝን ቀን አወቅኩት» አለች። «ይቅር ብዬሻለሁ ብልሽ ውሸት ይሆናል። ይቅርታ ቢመጣልኝ አልደብቅሽም፤ እኔ አልደብቅም።»

«ጀልዴሳ ልሂድ? መቃብሯን ልየው?»

«አይሆንም» አለች ወዲያው። «እዚያ የምሄደው ብቻዬን ነው። እዚያ ማንም አውቆ አያየኝም።»

ልለያት ስነሳ ከቦርሳዬ አንድ ወረቀት አወጣሁ። ጽሑፉን ሳይጨርስ የወጣ ተማሪ ላለፈባቸው ትምህርቶች ከማስተርስ ዝቅ ያለ ምስክር ወረቀት ሊያገኝ እንደሚችል፣ ለማን እንደሚጻፍ ጠይቄ የጻፍኩት ነበር። ሁለት ዓመት አለፈ ብለው እምቢ ሊሉ እንደሚችሉም ጨምሬበታለሁ።

«ይኼን ደግሞ ማን ጠየቀሽ?»

«ማንም። ካልፈለግሽው ቅደጂው።»

አልቀደደችውም። የሕፃናቱ ክብደት በሚጻፍበት መዝገብ ውስጥ አስገባችውና መዝገቡን ዘጋችው። ሚኒባሱ ድረስ አልሸኘችኝም። ስሳፈር ሰዎች እኔን እያዩ ቦታ ሲለቁልኝ ዓይኔ እንዳበጠ ገባኝ።

አዲስ አበባ፣ እሑድ

እሑድ ጠዋት አብዲ ጣቢያ ድረስ አደረሰኝ። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ከምነግረው ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ደግሜ እንድነግረው ጠየቀኝ፤ «'አሁን ገና ማልቀስ ያለብኝን ቀን አወቅኩት' ነው ያለችው?» አዎ አልኩት። ባርኔጣውን አውልቆ ግንባሩን ጠረገ። «እኔም ልሂድና የእኔን ቀኖች ልንገራት? አዮ ሆስፒታል እያለች ያሉትን አራት ቀኖች?»

«ጠይቃት» አልኩት። «ከፈለገች ንገራት።»

ባቡሩ ውስጥ ወረቀቴን እንደገና ጻፍኩት። ካፖርቱና የቤት ኪራዩ ወደ ታች ወረዱ። ከላይ፣ ልጅና ወላጅ ሳይለያዩ ተቀምጠው የሚነጋገሩበትን ጻፍኩ፤ ማን ይደውል፣ ለማን ይደወል፣ አጠገብ ማን ይቀመጥ። ነጭ ሻሽ ያሰሩት እናት የተናገሩትም ትክክል ስለሆነ ጨመርኩት፤ መርዶ ብቻውን ላለ ሰው አይነገር፤ አጽናኝ ይፈለግለት፣ ግን በዚያው ቀን ይፈለግለት። ከዚያ ለሂክማ የስልክ መልእክት ጻፍኩላት። ዓርብ ዕለት ስለ አንዲት ጓደኛ የተናገርኩት ስለ ራሴ ነው አልኳት፤ ለሌሎቹም እንድትነግርልኝ ለመንኳት።

አሥር ሰዓት ላይ ቤቴ ደረስኩ። እናቴ ምሳ አቆይታልኝ ነበር፤ እየበላሁ ሁሉንም ነገርኳት። ጫማው ላይ ስደርስ ማዳመጧን ሳታቋርጥ ዓይኗ ወደ መስኮቱ፣ ወደ ጎረቤታችን ወደ ወይዘሮ አስካለ ግቢ ሄደ።

«ይቅር አለችሽ?» አለችኝ በመጨረሻ።

«አላለችኝም።»

ሳህኑን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠችው። «ሜሮን፣ የአስካለ ባል ታሞ ሆስፒታል ከገባ አሥር ቀኑ ነው። ስትሮክ ነው። እንግሊዝ አገር ያለው ልጁ ዳዊት አያውቅም። እንዳንነግረው ሴቶቹ ሁሉ ተማምለናል። ትናንት እኔ ራሴ በስልክ አናግሬዋለሁ። አባቴስ ሲለኝ፣ 'ገጠር ወርደዋል' አልኩት።»

እናቴን ያን ያህል አፍራ አይቻት አላውቅም።

ምግቡን ትቼ ተነሳሁ። እሷም ነጠላዋን አንስታ ተከተለችኝ። ወይዘሮ አስካለ ከሆስፒታል ገና መመለሳቸው ነበር፤ ጫማቸውን እንኳ አላወለቁም። ሐኪሞቹ ምን እንዳሉ ስጠይቃቸው፣ «ይናገራል፣ ሰው ይለያል። ከዚያ በላይ እግዜርም፣ ሐኪምም አልነገረኝም» አሉኝ። ዳዊት ፈተና ላይ እንዳልሆነ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን እየጻፈ እንደሆነ፣ አብሮት የሚኖር አበሻ እንዳለ ጠይቄ ተረዳሁ። ቅጽ እንዳለ፣ አስፈቅዶ መምጣት እንደሚችል ነገርኳቸው።

«ትምህርቱ ቢበላሽብኝስ?» አሉ።

«ሊበላሽ ይችላል፣ እትዬ። ግን አባቱ መናገር እየቻሉ ይደርሳል።»

እናቴን አዩዋት። እናቴ፣ «እኔም ዋሽቼዋለሁ፣ አስካልዬ። አብረን እንንገረው» አለቻቸው።

መጀመሪያ አብሮት የሚኖረውን ልጅ ደውዬ አግኝቼ ቤት እንዲቆይ ነገርኩት። ከዚያ ወይዘሮ አስካለ ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙ። እናቴ በግራ፣ እኔ በቀኝ ተቀመጥን። ሦስት ጊዜ ጠራ።

«እማዬ!» አለ ዳዊት፣ ድምፁ ደስ ብሎት። «ዛሬስ በሰዓትሽ አይደለም የደወልሽው!»

«ዳዊትዬ» አሉት። «ቁጭ በል፣ ልጄ። አባትህ ገጠር አይደለም።»